የወደቡ ማዕድ

እሁድ ረፋድ ላይ ከማንሃተን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቼልሲ ፒርስ ከሚባለው የመርከብ ማቆሚያ የምትነሣ የሽርሽር መርከብ ገና ገመዷ ሳይፈታ ሁለት ሽታ ይቀላቀልባታል። አንዱ ከውስጥ ነው፤ ከሥሩ እሳት በሚነድለት ሰፊ የብረት ዕቃ የተከደነ የእንቁላል ፍርፍር፣ የተጠበሰ ድንች፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት ዳቦ፣ ትኩስ ቡና። ሌላው ከታች ይመጣል፤ ውኃው ሸሽቶ ሲጎድል፣ ጭቃና አረንጓዴ ዝቃጭ ከለበሱት ምሰሶዎች ሥር የሚነሣ የጨው፣ የበሰበሰ እንጨትና የናፍጣ ሽታ። መርከቧ ከዳርቻው ስትርቅ የውስጡ ሽታ ያሸንፋል። ተሳፋሪው ሳህኑን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ በጢስ የበሰለ ሳልሞን ከአንዱ፣ የተቆራረጠ ሐብሐብና አናናስ ከሌላው እያነሣ፣ ሻምፓኙን በብርቱካን ጭማቂ እያቀጠነ፣ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ከተማ ይቃኛል። የነፃነት ሐውልት ሲቃረብ ሹካው ይቀመጣል፣ ስልኩ ይነሣል። ከዚያ ወደ ቡፌው ይመለሳል።

ይህን ሽርሽር ማጣጣል ቀላል ነው። የወደቡን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ያለችውን መርከብ ሲያዩ ቅር ይላቸዋል፤ የሠራተኛ ወደብ የነበረው የመዝናኛ ሜዳ ሆኖ ቀረ ይላሉ። ቅሬታቸውን እጋራለሁ፣ ምክንያታቸውን ግን አልቀበልም። በኒው ዮርክ ወደብ ላይ ከማያውቁት ሰው ጎን ቆሞ እስኪጠግቡ መብላት ከወደቡ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ ነው፤ የነፃነት ሐውልት በ1886 ከመቆሙም በፊት የነበረ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ በሳህኑና በውኃው መካከል የነበረው ዝምድና። ቀድሞ ውኃው ራሱ ያበላ ነበር። ዛሬ በመርከቧ ገበታ ላይ ከተደረደረው ምግብ አንዱም ከሥሯ ካለው ውኃ አልወጣም። በትዝታም በቁጭትም ልናነሣው የሚገባን ይህንን መቆራረጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውኃው ያበላ ነበር ስል ለማሳመር አይደለም። ሄንሪ ሀድሰን በ1609 ወደዚህ ወደብ ሲገባ ኦይስተር የሚባለው ባለዛጎል ፍጥረት የተነጠፈበት የባሕር ወለል 350 ስኩዌር ማይል ያህል ይሸፍን እንደነበር ይገመታል። የአገሩ ባለቤቶች ሌናፔዎች ለብዙ ዘመናት ሲመገቡት ኖረው የጣሉት ዛጎል በየዳርቻው ተቆልሎ ነበር። ይህ ምግብ በጾም ሥርዓት ላደገ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነውና መልኩን ልናገር። ውጩ ድንጋይ የመሰለ ሻካራ ልባስ ነው። ጫፉ በአጭር ቢላ ተፈልቅቆ ሲከፈት ውስጡ ነጭና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ይገኛል፤ በዚያም ላይ፣ በራሱ ጨዋማ ውኃ ውስጥ፣ ግራጫ ለስላሳ ሥጋ ተኝቷል። ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ጥሬውን ይበላል። ዛሬ በውድ ምግብ ቤት በበረዶ ላይ ተደርድሮ የሚቀርበው ይኸው ምግብ በ19ኛው መቶ ዓመት ኒው ዮርክ የማንም ሰው ምግብ ነበር። በጋሪ ይዞራል፣ ዳር ላይ ከታሰሩ ጀልባዎች ይሸጣል፣ ከመንገድ በታች ባሉ ምድር ቤቶች ይበላል። በካናል ጎዳና አካባቢ የነበሩ ምድር ቤቶች በ6 ሳንቲም እስኪጠግቡ ድረስ ያበሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከፍሎ የፈለጉትን ያህል ማንሣት የሚለው የቡፌ ደንብ በዚህ ወደብ ዳር ያኔም ይሠራበት ነበር ማለት ነው።

ከነዚያ ቤቶች ሁሉ ስሙ የገነነው የቶማስ ዳውኒንግ ነበር። ዳውኒንግ በ1791 በቨርጂኒያ ጠረፍ፣ በቺንኮቲግ ደሴት፣ ከባርነት ነፃ ከወጡ ጥቁር ወላጆች ተወልዶ፣ ከባሕር ኦይስተር እየለቀመ አድጎ ወደ ኒው ዮርክ መጣ። በ1825 በብሮድ ጎዳና ቁጥር 5 ቤቱን ከፈተ። በመስታወትና በምንጣፍ ባሳመረው ቤቱ የባንክ ሰዎች፣ ነጋዴዎችና ፖለቲከኞች ይስተናገዱ ነበር። ከበላተኞቹ እግር ሥር ደግሞ፣ በምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተሸሽገው ወደ ሰሜን የሚያልፉበትን ሰዓት ይጠባበቁ ነበር። ከላይ ሳቅና የሹካ ድምፅ፣ ከታች የታፈነ ትንፋሽ። ዳውኒንግ በ1866 ሲሞት የከተማው የንግድ ምክር ቤት ለክብሩ ሲል በቀብሩ ዕለት ሥራውን ዘጋ። የሽርሽር መርከቧ የማንሃተንን ደቡባዊ ጫፍ ስትዞር ያ ቦታ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው። ማይክሮፎኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሕንፃዎቹ ቁመት ነው።

ከወደቡ ማዶ፣ በስታተን አይላንድ፣ ሳንዲ ግራውንድ የሚባል መንደር አለ። ከሜሪላንድ የመጡ ነፃ ጥቁር ኦይስተር ለቃሚዎች፣ በትውልድ ቀያቸው በራሳቸው ጀልባ መሥራትን የሚያከብዱ ሕጎች ሲበረቱባቸው፣ እዚህ ሰፍረው መሬት ገዙ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ። መንደሩ በአሜሪካ ከተመሠረቱ ቀደምት የነፃ ጥቁሮች ሰፈሮች አንዱ ነው። የቆመው በወደቡ ወለል ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ወለሉ ሲታመምም አብሮ ታመመ። ከተማዋ የምትበላውን ያህል ቆሻሻዋን ወደዚያው ውኃ ትለቅ ስለነበር ታይፎይድ ከኦይስተር ጋር ወደ ገበታ መጣ። በ1927 የመጨረሻዎቹ የከተማው ኦይስተር መልቀሚያዎች ተዘጉ። ከዚያ በኋላም ማቆሸሹ አልቆመም። ከ1947 እስከ 1977 ከሀድሰን ወንዝ ላይኛው ክፍል የፋብሪካ መርዝ ወደ ታች ሲፈስ ኖረ። የማንሃተን ምዕራባዊ ክፍል ፍሳሽም እስከ 1986 ድረስ፣ በቀን 150 ሚሊዮን ጋሎን ያህል፣ ሳይጣራ ሀድሰን ውስጥ ይገባ ነበር። የዛሬዎቹ መርከቦች የሚንሳፈፉበት ውኃ ከአንድ ሰው ዕድሜ ባነሰ ጊዜ በፊት እንዲህ ነበረ።

ቀጥሎ ደግሞ ከሩቅ በመርከብ ይመጣ የነበረው ምግብ ከዓይን ራቀ። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ከኒው ጀርሲ፣ ከኒዋርክ ወደብ፣ አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና ወደ ሂውስተን ተነሣች። የሐሳቡ ባለቤት ማልኮም ማክሊን የሚባል የጭነት መኪና ነጋዴ ነበር። በሰው ጉልበት አንድ ቶን ጭነት ለመጫን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይጠይቅ የነበረው ሥራ በኮንቴይነር 16 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ኮንቴይነር ደግሞ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ማንሃተን ሜዳ የለውም። መርከቦቹ ወደ ኒው ጀርሲ ዞሩ፣ የማንሃተን ማቆሚያዎች አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ፣ አንዳንዶቹም ተቃጥለው ወይም በስብሰው ወደ ውኃው ወደቁ። ወደቡ እንደ ወደብ አልሞተም፤ ዛሬም በምሥራቃዊው የአሜሪካ ጠረፍ አንደኛ ነው። ግን ምግቡ በታሸገ ብረት ውስጥ፣ ከከተማው ዓይንና አፍንጫ ርቆ ያልፋል። መርከቧ በብሩክሊን ድልድይ ሥር ስታልፍ በብሩክሊን በኩል ኤምፓየር ስቶርስ የሚባሉ፣ ቅስት መስኮት ያላቸው ረጃጅም የጡብ መጋዘኖች ይታያሉ። ዛሬ ሱቅና ቢሮ ናቸው፤ ቀድሞ የቡና ጆንያ ይከማችባቸው ነበር። ኒው ዮርክ የአሜሪካ ቡና ገበያ ማዕከል በነበረችበት ዘመን የብሩክሊን ዳርቻ የቆላ ቡና ይሸት ነበር። አሜሪካም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢ ነበረች። በመርከቧ ላይ በወረቀት ኩባያ የሚቀዳው ቡና ከየት እንደመጣ ከነዚያ መጋዘኖች ሥር ሆኖ መጠየቅ ለእኛ ሰው ከፎቶ ይበልጣል።

በዚህ ወደብ የኢትዮጵያ አሻራ ቡና ብቻ አይደለም። አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 በታችኛው ማንሃተን ሲመሠረት፣ በዘር ተለይቶ መቀመጥን እምቢ ብለው ከወጡት መሥራቾቹ መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ የባሕር ነጋዴዎች እንደነበሩ የቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ታሪክ ይተርካል። ከ146 ዓመት በኋላ፣ በ1954 በሜይ ወር መጨረሻ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩናይትድ ስቴትስ በምትባለው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ ወደዚሁ ወደብ ገቡ። ጁን 1 ቀን በብሮድዌይ ላይ የከተማው ሕዝብ ከፎቅ ወረቀት እየበተነ ተቀበላቸው፤ በዚያው ጉብኝት ሃርለም ወደሚገኘው አቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስቀል አበረከቱ። የንጉሠ ነገሥቱ መርከብ ሽቅብ ስትወጣ ያለፈችው በኤሊስ ደሴት አጠገብ ነበር። ደሴቱ ከ1892 ጀምሮ ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ያስተናገደ የመግቢያ በር ሲሆን በዚያው በ1954 በኖቬምበር ተዘጋ። በዚያ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ዳቦ፣ ሾርባና ፍራፍሬ ይቀርብ ነበር። ሙዝን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ብዙዎች ከነልጣጩ እንደነከሱት ይነገራል፤ ከ1911 ጀምሮም በአይሁድ ሥርዓት የሚያበስል ወጥ ቤት ነበረው። ይግባ ወይስ ይመለስ ተብሎ ዕጣው ላልታወቀ ሰው አገሪቱ በቅድሚያ ያሳየችው ፊት ያ ሳህን ነበር። የእሁዷ መርከብ በሐውልቱና በደሴቱ መካከል ስትዘገይ ተሳፋሪው በእጁ የያዘውን ሳህን ከዚያኛው ጋር ቢያስተያየው ደስ ይለኛል። ንጉሠ ነገሥቱን ያመጣችው መርከብ ግን በ1969 ከሥራ ወጥታ፣ ለረጅም ዓመታት ፊላደልፊያ ላይ ቀለሟ እየተላጠ ቆማ፣ በ2025 በፍሎሪዳ ጠረፍ እንድትሰምጥና የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ተጎትታ ተወሰደች።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ያ ወደብ ምኑ ይናፈቃል? የወደቡ ወዛደር በየማለዳው በመጋዘኑ በር ላይ በግማሽ ክብ ተኮልኩሎ፣ አለቃው በጣቱ እስኪጠቁመው ይጠብቅ ነበር፤ ጉቦ ያልሰጠ ወይም አለቃውን ያስቀየመ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ አሠራር የተሻረው በ1953 ነው። ሽርሽሩም ቢሆን ንጹሕ ትዝታ የለውም። ጁን 15 ቀን 1904 ጄኔራል ስሎከም የምትባል የሽርሽር መርከብ ከታችኛው ማንሃተን የጀርመን ሰፈር የመጡ የቅዱስ ማርቆስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን፣ አብዛኞቹን እናቶችና ሕፃናት፣ ከነስንቃቸው አሳፍራ ስትሄድ በኢስት ሪቨር ላይ በእሳት ተያያዘች። የእሳት ማጥፊያው ቱቦ በስብሶ ነበርና ውኃ ሲለቀቅበት ፈነዳ፤ የሕይወት አድን ልብሶቹ ቡሽ ብናኝ ሆኖ ነበርና የለበሳቸውን ሕፃን ይዘው ሰመጡ። ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ካፒቴኑ ታሰረ፣ የመርከቧ ባለቤት ኩባንያ በቀላል ቅጣት አለፈ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ በተጣራ ውኃ ላይ በሰላም ቁርስ መብላት ይሻላል የሚል ሰው ልክ ነው። እኔም ወደዚያ እንመለስ አላልኩም። የምለው፣ ይህ ሰላም ያለ ዋጋ አልመጣም ነው። መርከቧ ስትነሣ የሚነገረው፣ ማንም ጆሮ የማይሰጠው የደኅንነት ማሳሰቢያና ከመቀመጫው ሥር የታጨቁት ብርቱካንማ ልብሶች ከስሎከም ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ያለፈውን ሳያስቡ የአሁኑን ምቾት ብቻ መውሰድ ምቾቱን የሰጠውን ሰው መርሳት ነው፤ ተቃዋሚዬም ይህን የሚፈልግ አይመስለኝም።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ሰው ባለቀበትና ሰው በተለያየበት ውኃ ላይ ሻምፓኝ ይዞ መሳቅ ነውር ነው ይላል። ከቼልሲ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከፒር 54 የቀረው የዛገ የብረት ቅስት ቆሟል፤ የመርከብ ኩባንያዎቹ ስም ደብዝዞ አሁንም ይነበባል። ካርፓቲያ የምትባለው መርከብ ኤፕሪል 18 ቀን 1912 ከታይታኒክ የተረፉትን ያወረደችው፣ ሉሲታኒያም በ1915 ወደ መጨረሻ ጉዞዋ የተነሣችው ከዚያ ነበር። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሐዘንና ማዕድ ጠላት ናቸው የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ አይሠራም። ለቅሶ ቤት እንበላለን፤ ተዝካር ራሱ ማብላት ነው። የሞተን ሰው በሚያስታውስ ማዕድ ዙሪያ መቀመጥን ከእናቶቻችን ተምረናል። ስለዚህ ነውሩ በውኃው ላይ መብላቱ አይደለም፤ ስም ሳይጠሩ መብላቱ ነው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። የስታተን አይላንድ ጀልባ ከ1997 ጀምሮ በነፃ ያመላልሳል፤ በ25 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ሐውልት፣ ያንኑ ሰማይ ያሳያል። የሽርሽሩ ቲኬት ግን ለሠራተኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። እንዲህ ላለ ገበታ ስለምን ትከራከራለህ የሚለኝ ሰው ሳያውቀው የእኔን ነገር ያጠናክርልኛል። ውኃው ሲያበላ በነበረበት ዘመን የዳውኒንግ ባለጠጋና የካናል ጎዳና ጫኝ የበሉት ከአንድ ወለል የተለቀመ ምግብ ነበር፤ አንዱ በመስታወት ቤት፣ ሌላው በጢስ ውስጥ በላው እንጂ ምግቡ አልተለየም። ወለሉ ሲሞት የድሃው ማዕድ ጠፋ፤ የሀብታሙ ግን ከሩቅ ባሕር በበረዶ ተጭኖ መምጣቱን ቀጠለ። የከተማ ውኃ ሲበከል በመጀመሪያ የሚራበው ማን እንደሆነ ከዚህ ወደብ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ዛሬም በዳርቻው መንጠቆ ጥለው ዓሣ የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ የጤና ባለሥልጣናት ከዚህ ውኃ የተያዘን ብዙ ዓይነት ዓሣ በተለይ ሕፃናትና በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች እንዳይበሉ ይመክራሉ። ምክሩ የሚከብደው ለእራቱ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ነው።

መቆራረጡን የሚጠግኑ አሉ። በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ ፍሳሹን እንዲጣራ አስገደደ። ከ2014 ጀምሮ በጋቨርነርስ ደሴት ላይ ቢሊዮን ኦይስተር ፕሮጀክት የሚባል ሥራ እየተሠራ ነው፤ እዚያው ያለው የወደብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሳተፉበታል። ከከተማው ምግብ ቤቶች የተበላ ኦይስተር ዛጎል ይሰበሰባል፤ ሜዳ ላይ ተቆልሎ አንድ ዓመት ያህል ፀሐይና ዝናብ ሲያጸዳው ይቆያል፤ ከዚያ የኦይስተር ጫጩት እንዲጣበቅበት ተደርጎ በብረት ቅርጫት ወደ ወደቡ ወለል ይወርዳል። አንድ ኦይስተር በቀን እስከ 50 ጋሎን ውኃ ሊያጣራ ይችላል። ማንም አይበላውም፤ ሕጉም ይከለክላል፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥርም የከተማው ቱቦ ሞልቶ ፍሳሹ ዛሬም ወደ ወደቡ ይገባል። ታዲያ የማይበላ ኦይስተር ምን ይረባል የሚል ቢኖር፣ ያ ወለል ሰውን መመገብ ያቆመው ራሱን ማጽዳት ያቃተው ጊዜ እንደነበረ ላስታውሰው እወዳለሁ፤ የሚመለሰውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ግቡ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ማድረስ ነውና ዛጎል ገና ብዙ ያስፈልጋል። ኦይስተር በገበታቸው የሚያቀርቡ የሽርሽር መርከቦች በወጥ ቤታቸው አንድ የዛጎል በርሜል ቢያኖሩ፣ በማንሃተን ጫፍ ሲዞሩም ከማይክሮፎኑ ሦስት ደቂቃ ለቶማስ ዳውኒንግና ለሳንዲ ግራውንድ ሰዎች ቢሰጡ፣ የቲኬቱ ዋጋ በአንዲት ሳንቲም አይጨምርም።